ዓለምን በሁለት ግማሽ የዞሩት ብላቴን ጌታ

ኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖር ሰው መዞር እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሲደርስ አንዱ ወያላ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ይላል፤ ሌላው «አየር ጤና!» እያለ ይጣራል። ዓለሙም አየሩም በታክሲ ሂሳብ ይገኛል ማለት ነው። ቀልዱን ወደ ጎን ትተን ቁም ነገሩን ስንጠይቅ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለመሆኑ ከእኛ መካከል ምድርን ዞሮ ያያትና ያየውን ጽፎ ያስቀመጠልን ማን ነው? ፖርቱጋሎች ማጄላንን ይጠራሉ፤ እንግሊዞች ድሬክን ይጠራሉ። እኛስ ማንን እንጥራ?

የእኔ መልስ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ይህን ስል ቅር የሚለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ኅሩይ በምሥራቅ ወጥተው በምዕራብ አልገቡም። አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ እስከ አሜሪካ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ምሥራቅ እስከ ጃፓን ሄዱ እንጂ በአንድ ጉዞ ምድርን አልከበቡም። ነገር ግን ሁለቱን ጉዞ በአንድ ካርታ ላይ ብናሰምር የሚጎድለን አንድ ውቅያኖስ ብቻ ነው። ደግሞም የሄዱት ውርርድ ለማሸነፍ ወይም ቅመም ለመሸመት አልነበረም። ለአገራቸው ወዳጅ ፍለጋ ነው የሄዱት። ወዳጁ ተገኘ ወይ የሚለውን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ዓለምን የመዞር ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ያ መንገድ ገና ሲጀመር ጀምሮ በእኛ ደጃፍ ወይም በደጃፋችን አጠገብ ማለፉን ነው። የማጄላን መርከቦች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1519 ከስፔን ሲነሡ አምስት ነበሩ፤ ሰዎቹም 240 ያህል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዞራ የገባችው አንዲት መርከብ ናት፤ በላይዋም የቀሩት 18 ሰዎች ናቸው። ማጄላን ራሱ ፊሊፒንስ ላይ ተገድሎ ቀርቷል። እንግዲህ እነዚህ መርከበኞች በ1520 መጨረሻ ገደማ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወጥተው ከዚያ በፊት አውሮፓዊ ባልቀዘፈበት ውኃ ላይ ሲወጡ፣ በዚያው ሰሞን ሌሎች ፖርቱጋሎች በእኛው በዓፄ ልብነ ድንግል ድንኳን ፊት ቆመው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ካመጡት ስጦታ ውስጥ የዓለም ካርታ ነበረበት። ንጉሡ ካርታውን አይተው ዝም አላሉም፤ የአገሮቹ ስም በራሳችን ፊደል እንዲጻፍበት አዘዙ። አልቫሬዝ ይህን ጽፎ ባያስቀምጥልን ኖሮ፣ ማጄላን በሚዞርበት ዓመት ዓለምን በግዕዝ ፊደል ለማንበብ የፈለገ ንጉሥ እንደነበረን ማን ያውቅ ነበር?

ከስድስት ዓመት በኋላ መልእክተኞቹ ሲመለሱ የልብነ ድንግል መልእክተኛ አባ ጸጋ ዘአብ አብረዋቸው ከምጽዋ ተሳፈሩ። ሕንድ ደረሱ፤ ከዚያ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረው ሊዝበን ገቡ። ዓለምን ባይሆን አፍሪካን በባሕር የዞሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በፖርቱጋል ብዙ ዓመት ቆዩ፤ ሃይማኖታቸውን እየተጠራጠሩ ቅዱስ ቁርባን ከለከሏቸው። ስለ ኢትዮጵያ እምነት የሰጡትን ቃል ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የተባለው ሊቅ በላቲን አሳትሞታል። ወዳጅ ሊፈልግ ሄዶ የበር ላይ ጥያቄ የገጠመው ኢትዮጵያዊ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል።

ስለ ማጄላን መርከብ አንዲት ነገር ልጨምርና ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጉዞውን የጻፈው ፒጋፌታ ዕለቱን ሳያቋርጥ ይመዘግብ ነበር። ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ላይ ለስንቅ ሲቆሙ በእሱ መዝገብ ቀኑ ረቡዕ ነው። የአገሩ ሰዎች ግን ሐሙስ ነው አሉ። ፒጋፌታ ተገረመ፤ አንድም ቀን አልዘለለማ! ነገሩ የተገለጠለት በኋላ ነው። ፀሐይን እየተከተለ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱ ቀኑ በጥቂቱ ይረዝምበታል፤ ምድርን ሲዞራት ያ ሁሉ ጥቂት ተጠራቅሞ አንድ ሙሉ ቀን ይበላበታል። ከጎረቤት ጋር በሰባትና በስምንት ዓመት ተለያይተን የምንኖር እኛ በአንድ ቀን ልዩነት ባንደነግጥ አይገርምም።

የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ሲከፈት መንገዱ ይበልጥ ቀረበን። ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ ሁሉ በቀይ ባሕር ወርዶ፣ በባብ ኤል መንደብ ሾልኮ፣ ዔደን ላይ ከሰል ጭኖ ያልፍ ጀመር። የፈረንሳዩ ደራሲ ዡል ቬርን በሰማንያ ቀን ዓለምን ያዞረው ልብ ወለድ ባለታሪክ ያለፈው በዚህ ነው። እሱን ለመብለጥ የተነሣችው አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ኔሊ ብላይ ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ከኒው ዮርክ አጠገብ ተነሣች፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላም ዔደን ደረሰች። በ72 ቀን ዞራ ገባች። እሷ በዔደን ስታልፍ፣ ከባሕሩ ማዶ በደጋው ላይ ያ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ጀምሮ ነበር። መንገዱ በደጃፍ ማለፉና ለእኛ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከሰው በፊት ዓለምን ዞሮ ወደ ቤታችን የገባው አቡጀዲ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዘመነ ምኒልክ ገበያችንን የሞላው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ የአሜሪካ ሥራ ነበር። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ወደ አዲስ አበባ የመጣበትና የንግድ ውል የተፈራረመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጨርቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ግን የአሜሪካው ቀርቶ በርካሹ የጃፓን ጨርቅ ተተካ። የአንድ ገበሬ እጀ ጠባብ ከምዕራብ መምጣቱን ትቶ ከምሥራቅ ይመጣ ጀመር። ብላቴን ጌታ ኅሩይም የሄዱት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ በመጀመሪያ አሜሪካ፣ ቀጥሎ ጃፓን።

ኅሩይ በ1870ዎቹ መግቢያ ላይ በመርሐ ቤቴ ደን በተባለ ቦታ ተወለዱ። ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነው፤ እንጦጦ ራጉኤል የቀለሙም የሥራውም በር ተከፈተላቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ«ወዳጄ ልቤ» እና በ«አዲስ ዓለም» ደራሲነታቸው ነው። በፈረንጅ ትምህርት ቤት ያላለፈ የደብር ልጅ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም ዓለምን ያዩት በተማሪ ዓይን አይደለም። ባየው ነገር ሁሉ «ይህስ ለአገሬ ይሆናል?» እያለ በሚጠይቅ የጎልማሳ ሊቅ ዓይን ነው።

የመጀመሪያው ረዥም ጉዟቸው በ1903 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንደን ሄዱ። ያኔ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልገባም።

ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ዋናው ጉዞ የ1911ዱ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብቅቷል። የንግሥት ዘውዲቱና የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መንግሥት ለድል አድራጊዎቹ አገሮች የደስታ መልእክተኞች ላከ። ወደ አሜሪካ የሄዱት አራት ናቸው፤ መሪው ደጃዝማች ናደው፣ ያኔ ብላታ የነበሩት ኅሩይ፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታ እና አቶ ስንቄ። ከንቲባ ገብሩ በወጣትነታቸው በፍልስጥኤምና በስዊስ ተምረው ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ አንደበታቸው እሳቸው ነበሩ። አትላንቲክን በመርከብ ተሻግረው በዚያው ክረምት ኒው ዮርክ ገቡ፤ ዋሽንግተን ወርደው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አነጋገሩ። የኢትዮጵያ ባንዲራ በአሜሪካ ከተማ ላይ ተሰቅሎ ማየት ለዚያ አገር ጥቁር ሕዝብ ምን ማለት እንደነበረ ጋዜጦቻቸው መስክረዋል።

የሄዱበት ክረምት ግን ክፉ ክረምት ነበር። በዋሽንግተንም በቺካጎም ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሥተው ደም የፈሰሰበት፣ አሜሪካኖች ራሳቸው «ቀዩ በጋ» ብለው የሚጠሩት ወቅት ነው። መልእክተኞቹም አልቀረላቸውም። ኒው ዮርክ ላይ በአንድ ክለብ ሊደረግላቸው የነበረው ግብዣ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ተሰረዘ። ልብ በሉ፤ ፕሬዚዳንቱ በክብር የተቀበሏቸውን ሰዎች ነው ክለቡ የዘጋባቸው። አባ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የገጠማቸው ዓይነት ነገር ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በእራት ቤት በር ላይ ተደገመ።

ከዚያ በኋላ ኅሩይ በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና አውሮፓን ዞረዋል። ያ ጉዞ ብዙ ስለተጻፈበት እዚህ አልቆይበትም። የሚያጓጓኝ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ጃፓንን የመመልከት ነገር በኅሩይ አልተጀመረም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጽሑፋቸው ጃፓንን ምሳሌ አድርገው ጠቅሰዋል። የንጽጽሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. ጃፓን በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ስም አዲሱን ዘመኗን ጀመረች። በአንድ ዓመት አንዱ በር ተዘጋ፤ ሌላው ተከፈተ። ከዚያ ጃፓን ሩስያን በጦርነት አሸነፈች፤ እኛም ከዚያ ቀደም ብለን ጣሊያንን አድዋ ላይ አሸንፈናል። እነሱ ፋብሪካ ሠሩ። እኛስ? በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓኑን አርአያ የተከተለው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

እነሆ በመስከረም 1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከአዲስ አበባ ባቡር ተሳፈሩ። ለዘውድ በዓሉ ጃፓን መልእክተኛ ልካ ስለነበር ይህ የመልስ ጉብኝት ነው። አብረዋቸው ከሄዱት አንዱ ወጣቱ ልጅ አርአያ አበበ ናቸው። እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባቡሩ ሌሊት ሌሊት እያደረ ሦስት ቀን ይፈጃል። ከጅቡቲ መርከብ ይዘው በሕንድ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ በኮሎምቦ፣ በሲንጋፖር፣ በሆንግ ኮንግና በሻንግሃይ በኩል በጥቅምት መጨረሻ ጃፓን ደረሱ። አንድ ወር ከሳምንት ያህል መንገድ መሆኑ ነው። በዛሬ አውሮፕላን አንድ ቀን ለማይሞላ ጉዞ ይህን ያህል ቀን በባሕር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያስበው ነገር ብዙ ነው። በየወደቡ ያዩትም አንድ ነገር ነው፤ ኮሎምቦና ሲንጋፖር የእንግሊዝ፣ ሆንግ ኮንግ የእንግሊዝ፣ ሻንግሃይ ላይ ደግሞ የፈረንጅ ሁሉ ሰፈር። ከጅቡቲ ከራሱ ጀምሮ እስከ ጃፓን ዳርቻ ድረስ መርከቧ የቆመችባቸው ወደቦች የሌላ ባንዲራ የተሰቀለባቸው ነበሩ። በመንገዱ መጨረሻ በራሷ ባንዲራ የቆመች አንዲት አገር ስታገኝ ልብህ ባይሸፍት ነው የሚገርመው።

ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀብለው አነጋገሯቸው። በየከተማው ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው፤ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መቅደስ አስጎበኟቸው። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ሁለት ዓመት ቆይቶም ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ። አንድ የአማርኛ የጉዞ መጽሐፍ በተጓዡ ዘመን በተጎበኘው አገር ቋንቋ ሲታተም ትንሽ ነገር አይደለም። በመጽሐፉ የሁለቱን አገሮች መመሳሰል ይዘረዝራሉ፤ የዙፋኑን ጥንታዊነት፣ ነጻነትን ጠብቆ መኖርን፣ የእንግዳ አቀባበልን። እኔ እንደማየው መመሳሰሉን የጻፉት ጃፓንን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ያገራቸውን ሰው «እነሱ ከቻሉ እኛስ ምን ያንሰናል?» ለማሰኘት ነው። ያላሉት ነገርም አለ። ባቡር ጣቢያ ላይ አበባ ይዛ የተቀበለቻቸው ጃፓን በዚያው መስከረም የቻይናን ማንቹሪያ መውረር ጀምራ ነበር።

እስቲ አሁን ካርታውን እንዘርጋ። ምድር 360 ዲግሪ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ እስከ ዋሽንግተን 116 ዲግሪ ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ እስከ ቶኪዮ ደግሞ 101 ያህል። ሲደመር 217። እንግዲህ የመርሐ ቤቴው ሊቅ ከምድር ዙሪያ ከአምስት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል በባቡርና በመርከብ አይተዋል ማለት ነው። የቀራቸው 143 ዲግሪ የአሜሪካ ምዕራብና ፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው።

ወዳጁስ ተገኘ? ለጥቂት ዓመት የተገኘ ይመስል ነበር። ልጅ አርአያ አንዲት የጃፓን ባላባት ልጅ ሊያገቡ ነው ተብሎ በ1926 ዓ.ም. የሁለቱ አገር ጋዜጦች ብቻ ሳይሆኑ የአውሮፓም አወሩ። ጋብቻው ቀረ። ሮማ ግን ወሬውን አልረሳችውም፤ «ቢጫውና ጥቁሩ ሊተባበሩብን ነው» እያለች ለቅስቀሳዋ ተጠቀመችበት። ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ የጃፓን ሕዝብ ብዙው ከእኛ ጋር ነበር፤ መንግሥቱ ግን በሮማ አምባሳደሩ በኩል በኢትዮጵያ ላይ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌለው አስታወቀ። ወረራው ከተፈጸመ በኋላ ጃፓን አዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ዘግታ ቆንስላ አደረገችው፤ ይህም የጣሊያንን ግዛት ማወቅ ነው። በምላሹ ጣሊያን የማንቹሪያውን አሻንጉሊት መንግሥት አወቀች። ማንቹሪያና ኢትዮጵያ በአንድ ሚዛን ተመዝነው ተሸጡ። የምዕራቡ ግማሽ በእራት ቤት በር ላይ፣ የምሥራቁ ግማሽ በሌጋሲዮን በር ላይ ተዘጋ።

ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ ንጉሡ በተጠለሉበት ፌርፊልድ ቤት በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይላል ያገሬ ሰው። ለኅሩይ ሁለቱም ዘገየባቸው፤ ከነጻነት በኋላ ዐፅማቸው መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ዐረፈ።

እሳቸው ባዝ ላይ በስደት ሳሉ በሰኔ 1929 ዓ.ም. ዓለምን የምትዞር አንዲት አውሮፕላን በሰማያችን መጣች። አሜሪካዊቷ አሜሊያ ኤርሃርት ናት። ከመንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን ጋር በሎክሂድ ኤሌክትራ ከማያሚ ተነሥታ፣ ብራዚልን፣ አትላንቲክንና ሳህራን አቋርጣ፣ ከካርቱም ሰኔ 6 ቀን ምጽዋ ገባች። በማግሥቱ አሰብ ወረደች። ሰኔ 8 ከአሰብ ተነሥታ ሳታርፍ ካራቺ ደረሰች፤ ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ሳያርፍ የበረረ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ሁለቱም ወደቦች ያኔ በጣሊያን እጅ ነበሩ፤ ከየካቲት 12ቱ የአዲስ አበባ እልቂት ገና አራት ወር አልሞላም። ዓለምን መዞር ለአንዱ ስፖርት ሲሆን፣ እሷ ነዳጅ ከቀዳችበት ባሕር ማዶ ያለው ሰው ደግሞ ሬሳ ቀብሮ አልጨረሰም ነበር። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። ጀግና ነበረች። ሰኔ 25 ቀን ከኒው ጊኒ ተነሥታ በፓሲፊክ መካከል ያለች ጠብታ የምታህል ደሴት ስትፈልግ ጠፋች። ኅሩይ ያልረገጡት ያ ውኃ ዋጣት።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ የሁለቱ ግማሾች መደጋገም ነው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ተሳፍሮ፣ ኅሩይ በሄዱበት የምሥራቅ ባሕር ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ፑሳን ወረደ። አብዛኛው ወታደር ባሕር የሚባል ነገር ያየው ያን ጊዜ ነው። በተከታታይ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን ረግጠዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ የተማረከ ግን የለም። ጄኔቫ ላይ ተጠይቆ ያልተሰጠንን የጋራ ደኅንነት እኛ ለሌላው ሰጠን።

ንጉሠ ነገሥቱም እንዲሁ ናቸው። በ1946 ዓ.ም. ከፈረንሳይ «ዩናይትድ ስቴትስ» በተባለችው ፈጣን መርከብ አትላንቲክን ተሻግረው ኒው ዮርክ ገቡ፤ አገሩን አቋርጠውም የፓሲፊክን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሳንፍራንሲስኮ ላይ አዩ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ሄደው ቶኪዮ ላይ ከዚያው ከሂሮሂቶ ጋር ተገናኙ። አንዱ በባሕር፣ አንዱ በአየር፤ የአንዱ ውቅያኖስ ሁለት ዳርቻ በሁለት ጉዞ።

በአየሩ ነገር ላይ ኮልፌ የራሱ ድርሻ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ ነጂዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሆኑ። አምስት ዓመት ቆይቶ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ካርቱም ላይ የእኛን አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ነጂው ጥቁር መሆኑን አየ፤ ለአፍታ ደነገጠ፤ ከዚያ በራሱ ድንጋጤ አፈረ። ይህን በግለ ታሪኩ ላይ የጻፈው ኔልሰን ማንዴላ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ተመልሶ መጥቶ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ዓለምን ባይዞርም የአፍሪካን ግማሽና ለንደንን ዞሮ መጥቶ ያረፈው እዚህ፣ ዛሬ ታክሲ በሚጮህበት ሰፈር ነው። ከዚህ ተነሥቶ አገሩ በገባ በሳምንታት ውስጥ ተያዘ።

አየር መንገዱ በ1965 ዓ.ም. ቻይና ደረሰ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ የተገዛች ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥታ ሳታርፍ አዲስ አበባ ገባች፤ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በዚያ ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ኅሩይ ሳምንታት የተንከራተቱበት የምዕራቡ ግማሽ በአንድ ሌሊት ታጠፈ። ያ ዓመት ሰሜኑ በረሃብ የሚያልቅበት ዓመት መሆኑን ግን ማን ይረሳል? በ2007 ዓ.ም. አየር መንገዱ በምሥራቅ ቶኪዮ፣ በደብሊን በኩልም ሎስ አንጀለስ መብረር ጀመረ። አሁንም በዚያ ዓመት ካርታ ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል የቀረው ያው ፓሲፊክ ነው። የኅሩይ ክፍተት ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ክፍተቱን የሚዘጉት ማንም ያላሰባቸው ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ የላትም። ነገር ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ላይ ሙያተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። መካኒካልና ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የጨረሱ ወጣቶች ጨው በሌለበት ውኃ ዳር፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተኛው ጣና ሐይቅ አጠገብ የመርከብ ሞተር ተምረው በውጭ አገር የንግድ መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ። ከመካከላቸው ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ሥራ በጀመሩ ቀን የሆነ ሞልተዋል። ሥራቸው ከመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ ሙቀትና ጩኸት ካለበት ስለሆነ የሚያልፉበትን ወደብ እንኳ ሁልጊዜ አያዩትም። አበባ ይዞ የሚጠብቃቸው የለም፤ መጽሐፍም አልጻፉልንም። የሚልኩት ብር ግን ለታናናሾቻቸው ትምህርት ቤት ይከፍላል። ከዮኮሃማ ወደ ሎስ አንጀለስ የምትሄድ መርከብ ፓሲፊክ መካከል ላይ ያለውን የቀን መለወጫ መስመር ስታቋርጥ፣ ፒጋፌታ ጎድላበት የተገረመባት ሐሙስ ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ ተረኛው መሐንዲስም በሞተር ክፍሉ መዝገብ ላይ ያንኑ ቀን ደግሞ ይጽፈዋል።